የኡስተር ሸማኔዎችና የእኛ ታክሲ

ኡስተርን ምናልባት የሚያውቋት በባቡር መስኮት ብቻ ይሆናል። ከዙሪክ ዋና ጣቢያ ተሳፍረው ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ተጓዙ ይደርሱባታል። ከዙሪክና ከቪንተርቱር ቀጥላ የካንቶኑ ሦስተኛ ከተማ ስትሆን ሕዝቧ ከ35 ሺህ በላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኗና አሮጌው ግንቧ ከኮረብታ ላይ ሆነው ቁልቁል ያያሉ፤ በስተምዕራብ ግራይፈንዜ የሚባለው ሐይቅ ተኝቷል። ከወገኖቻችን መካከል እዚህ የሚኖሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ በሆስፒታሏ የሚሠሩ አሉ። ይሁን እንጂ ዛሬ ላጫውትዎ ያሰብኩትን ታሪክ ሲያወሩት ሰምቼ አላውቅም። እኔ አሁን መሪ ብጨብጥም ቀድሞ በአገር ቤት በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠመኔ ጨብጬ ታሪክ አስተምር ስለ ነበር፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ በመኪናዬ ውስጥ የማነበው ይህንኑ የመሰለ ነገር ነው። (የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1832 ከዙሪክ ካንቶን ደጋማ ወረዳዎች የወረዱ የቤት ለቤት ሸማኔዎች ኦበርኡስተር በሚባለው ሰፈር ተሰብስበው የኮሮዲና ፕፊስተርን የሽመና ፋብሪካ በእሳት አጋዩት። ብዙዎቹ ተያዙ። መሪ የተባሉትም በሰንሰለት ታስረው ረጅም ዓመት እንዲቀጡ ተፈረደባቸው። ይኸው ነው፤ የታሪክ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ «መሣሪያ የጠሉ ሸማኔዎች ፋብሪካ አቃጠሉ» ብለው በአንድ መስመር ያልፉታል። ልክ ሸማኔ ሲባል ከእንጨት ዕቃው ሌላ የማያውቅ፣ አዲስ ነገር ሲያይ የሚደነብር ፍጡር ይመስል!

እኔን የያዘኝ እሳቱ ሳይሆን ከእሳቱ በፊት የነበረው ኑሮ ነው። ምክንያቱም ስልኬን ከመሪው አጠገብ ሰክቼ ጥሪ ስጠብቅ የማየው ኑሮ ቁርጥ እሱን ይመስለኛል። ስለዚህ ከታክሲው በፊት ስለ ሸማኔዎቹ ጥቂት ላውራ፤ እባክዎ ይታገሡኝ።

የዙሪክ ደጋ መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት፣ እርሻውም ጠባብ ነበር። ገበሬው ከሁለት ላምና ከአንድ የድንች መደብ የሚያገኘው ልጆቹን ስለማያጠግብለት ክረምት ከበጋ ጥጥ ይፈትላል፣ ይሸምናል። ግን ለማን? እስከ 1798 ድረስ በሕግ የጨርቁ ንግድ የዙሪክ ከተማ ባለመብቶች ብቻ ነበር። የገጠሩ ሰው መሥራት እንጂ በነፃ መነገድ አይችልም። ስለዚህ ከከተማው ነጋዴ ክር ይቀበላል፤ ጨርቅ አድርጎ ይመልሳል፤ የእጁን ዋጋ ይወስዳል። ይህን ክር አከፋፋይ ነጋዴ በጀርመንኛ ፈርሌገር ይሉታል። ሸማኔው የሚኖረው ሩቅ ተራራ ላይ ከሆነ ደግሞ ክሩን የሚያደርስና ጨርቁን የሚሰበስብ ሌላ መካከለኛ ሰው ይገባል፤ ይኸኛው ፌርገር ይባላል።

ልብ ይበሉ፤ የሽመና ዕቃው የሸማኔው ነው። ጥጥ እንዳይደርቅና እንዳይበጠስ ሲባል የሚሸምንበት እርጥብ ምድር ቤት የሸማኔው ነው። መብራቱ የራሱ፤ በቀሰም ላይ ክር የሚያጠነጥኑለት ልጆች የራሱ፤ ሳል ቢይዘው ሳሉ የራሱ። ድሩና ማጉ ግን የነጋዴው ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው፣ ጨርቁን ዘርግቶ ጉድለት የሚፈልገውና ከክፍያ የሚቀንሰውም ነጋዴው ነው። ገበያ ሲጠፋ ነጋዴው ክር መስጠቱን ያቆማል፤ ማንንም አላባረረም፤ ማንም ተቀጣሪው አልነበረምና። ሸማኔው ደግሞ በበኩሉ ጌታ አለኝ አይልም። ሲፈልግ ይነሣል፣ ሲፈልግ ላሙን ያልባል፣ ካሻውም ከሌላ ፈርሌገር ክር ይቀበላል። ራሱን የቻለ ሰው ነው። የማያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጨርቁን ማን እንደሚለብሰውና በስንት እንደሚገዛው።

መሣሪያ ምን እንደሚያደርግም እነዚህ ሰዎች በወሬ አልሰሙም፤ ቀምሰውታል። በ18ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ የመሣሪያ ክር ወደ ስዊዘርላንድ ገብቶ በእጅ የሚፈትሉትን ሥራ አሳጣቸው። በ1802 በቪንተርቱር አጠገብ ሐርድ በተባለ ቦታ ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የመፍተያ ፋብሪካዎች አንዱ ተቋቋመ። በኡስተር በኩል የሚወርደው አባኽ የተባለ ትንሽ ወንዝ በዳርና በዳሩ የመፍተያ ፋብሪካ ተተክሎበት፣ ከሚያስገኘው ሀብት የተነሣ ሕዝቡ «የሚሊዮኖች ጅረት» እስከ ማለት ደረሰ። በዚያው በኦበርኡስተር ትልቅ ፋብሪካ የነበረው ሃይንሪክ ኩንትስ ውሎ አድሮ «የፈታዮች ንጉሥ» ተብሏል። ፈታዮቹስ? ከፊሎቹ ወደ ፋብሪካ ገቡ፤ ብዙዎቹ ግን ወደ ሽመና ዞሩ። መሣሪያው ሽመናው ላይ ሲደርስ እንግዲህ የሚዞሩበት ሌላ በር አልነበረም።

ኖቬምበር 22 ቀን 1830 በኡስተር 10 ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ የገጠሩ ሕዝብ ከከተማው ሕዝብ ጋር እኩል መብት ይኑረው ሲል ጠየቀ። ይህ ሰልፍ በስዊዘርላንድ ታሪክ «የኡስተር ቀን» ተብሎ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይታሰባል፤ በ1831 ለዙሪክ አዲስ ሕገ መንግሥት አስገኝቷል። ነገር ግን በዚያው ሰልፍ ላይ ከሕዝቡ መካከል የሽመና መሣሪያ ይከልከል የሚል ድምፅም ተነሥቶ ነበር። ሕገ መንግሥቱ መጣ፤ የሸማኔው ጥያቄ ግን እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። የጠገበው ወፍጮ ቤት ያለው፣ ሐኪሙ፣ ነጋዴው ነው፤ የንግድ ነፃነት ለእርሱ እንጀራ ነበር። ለሸማኔው ያው የንግድ ነፃነት የመሣሪያው ባለቤት ነፃነት ሆነበት። የሁለተኛው ዓመት መታሰቢያ በሚከበርበት ዕለት፣ በዚያችው ከተማ እሳቱ የተነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ቀኑ በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም።

የተቃጠለው ፋብሪካ አንድ ነው፤ ሌሎች መቶዎች ተሠሩ። በመላው ስዊዘርላንድ የሥራ ሰዓትን በቀን በ11 ሰዓት የወሰነውና ከ14 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ የከለከለው የፋብሪካ ሕግ የወጣው በ1877 ነበር። ከእሳቱ በኋላ 45 ዓመት! በ1832 ቀሰም ያጠነጥን የነበረ ልጅ በዚያን ጊዜ ሽማግሌ ሆኗል።

አሁን ወደ ጄኔቫ ልሻገር፤ ምክንያቱም የእኛን ዘመን ገበያ የለወጠው ነገር የተጸነሰው በዚያ ነው። በማርች 1989 ከጄኔቫ ወጣ ብሎ ሜራን አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ተቋም የሚሠራው እንግሊዛዊ ቲም በርነርስ ሊ ጽሑፎችን በኮምፒውተሮች መካከል የሚያያይዝ ዘዴ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ ድረ ገጽ የምንለው ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ተቋሙ ይህን ሥራ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለዓለም ለቀቀው። ያኔ ሊቃውንቱ «ከእንግዲህ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ደላላ ይጠፋል» ብለው ይተነብዩ ነበር። የሆነው ግን የእኛ አያቶች ሲራራ ነጋዴዎች የሚያውቁት ነገር ነው። መንገዱ የማንም አይደለም፤ ሁሉም ይሄድበታል። ነገር ግን መንገዱ በሚጠብበትና ሁሉም ማለፍ በሚገባው ቦታ ላይ አንድ ሰው ኬላ ይተክላል። የኢንተርኔት ንግድ ትልቁ ጥበብ መንገድ መሥራት ሳይሆን ኬላው የት እንደሚተከል ማወቅ ሆነ። መጽሐፍ ፈላጊው፣ ሆቴል ፈላጊው፣ ታክሲ ፈላጊው ሁሉ መጀመሪያ የሚቆምበትን ደጅ የያዘ ሰው መጽሐፍ ማተም፣ ሆቴል መሥራት፣ መኪና መግዛት አያስፈልገውም።

ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። በ2011 የታክሲ ፈቃድ ሳወጣ በዙሪክ ሁለት ዓይነት እንጀራ ነበር። አንዱ ጣቢያ በር ላይ ተራ መያዝ፣ ሁለተኛው የሬዲዮ ጥሪ ማዕከል አባል መሆን። ለማዕከሉ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ ይከፈላል፤ ብዙ ሠሩም ጥቂት ያው ነው። ዋጋው በሜትር ነው፤ ሜትሩን የሚወስነው መንግሥት ነው። ደንበኛዬ ደንበኛዬ ነበር፤ ካርድ እሰጠዋለሁ፣ በሚቀጥለው በቀጥታ ይደውልልኛል። ኡበር በ2009 በሳን ፍራንሲስኮ ተመሥርቶ ወደ ዙሪክ በ2013፣ ወደ ጄኔቫ በ2014 ገባ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያዩት ነው።

ብዙ የሙያ ጓደኞቼ «ይህ ዘመናዊ ፋብሪካ ነው፤ እኛም እንደ ኡስተር ሰዎች ጨሰን እንቀራለን» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ፋብሪካ ማለት ሸማኔውን ከምድር ቤቱ አውጥቶ፣ ዕቃውን አስጥሎ፣ በደወል አስገብቶ በደወል የሚያስወጣ ነው። አፑ ይህን አላደረገም። መኪናው የነጂው፣ ነዳጁ የነጂው፣ መድኑና ጎማው የነጂው፣ የወገብ ሕመሙም የነጂው ነው። ሲፈልግ ያበራል፣ ሲፈልግ ያጠፋል፤ ሁለት አፕ ጎን ለጎን ከፍቶ የሚሠራም አለ፣ ከሁለት ነጋዴ ክር እንደሚቀበል። ዋጋውን ግን የሚቆርጠው ሌላ ነው፤ ተሳፋሪውም የአፑ እንጂ የነጂው አይደለም። አየህ ወዳጄ፣ ይህ በ1832 የመጣው መሣሪያ አይደለም። ይህ ከመሣሪያው በፊት የነበረው ፈርሌገር ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ተኝቶ በስልክ ውስጥ ተነሣ።

ተሳፋሪው አልተጠቀመም ልል አልችልም፤ ውሸት ይሆንብኛል። ከሌሊት ፈረቃ የምትወጣ እኅታችን ዋጋውን አስቀድማ አውቃ፣ የሚመጣውን መኪና ሰሌዳ አይታ ትሳፈራለች። ቆዳው ጥቁር ስለ ሆነ ታክሲ አልፎት የሚሄድ ሰው ጥቂት አልነበረም፤ አፑ ላይ ይህ ቀንሷል። ቋንቋ አልያዝክም ተብሎ በር የተዘጋበት ወጣትም መሪ ጨብጦ እንጀራ በልቷል። የዙሪክ ሸማኔም በፈርሌገሩ ክር ልጆቹን አሳድጓል፤ ያ ክር ባይኖር ተራራው ላይ ይራብ ነበር። ጥያቄው ሲታመም፣ ሲያረጅ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ማን ከጎኑ ይቆማል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤቱ ሊመልሰው ሞክሯል። የስዊስ ፌደራል ፍርድ ቤት ሜይ 30 ቀን 2022 በሰጠው ውሳኔ በጄኔቫ የሚሠሩ የኡበር ነጂዎች ተቀጣሪዎች ናቸው አለ። በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ በዙሪክ የተነሣውን የማኅበራዊ መድን ክርክር አይቶ በዚያም ነጂዎቹን እንደ ተቀጣሪ ቆጠራቸው። ለሕግ ሰው ይህ የቃላት ክርክር ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን ቁጥር አለው። ዙሪክ ያለነው አሃፋው፣ ጄኔቫ ያላችሁት አቬኤስ የምትሉትን የመጀመሪያውን ምሰሶ ይውሰዱ። ተቀጣሪ ከሆኑ ከሚከፈለው 10.6 በመቶ ግማሹን፣ ማለትም 5.3 በመቶውን አሠሪው ይከፍልልዎታል። ራስዎን የቻሉ ሠራተኛ ከተባሉ እንደ ገቢዎ መጠን እስከ 10 በመቶ ድረስ ብቻዎን ይከፍላሉ፤ የሥራ አጥነት መድን ደግሞ ጭራሹን አያገኙም፤ ሁለተኛው ምሰሶና የአደጋ መድንም ግዴታ ስላልሆነ ካልተጉ ይቀራል። አንድ ሰው 15 ዓመት ነድቶ ጡረታው ሲሰላ በወረቀቱ ላይ የሚያየው ልዩነት ይህ ነው። ከወገኖቻችን መካከል ይህንን ወረቀት ከፍቶ የማያውቅ ነጂ ብዙ ነው። የካሳ ጽሕፈት ቤቱ የግል ሒሳብዎን መግለጫ ሲጠየቅ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የጎደለ ዓመት ካለ ደግሞ ወደ ኋላ መክፈል የሚቻለው ለአምስት ዓመት ብቻ ነው።

ከውሳኔው በኋላ በጄኔቫ የሆነው የታሪክ መምህርን ያስቃል። ነጂዎቹን የሚቀጥር ሌላ ድርጅት በመካከል ገባ። ፌርገሩ መጣ ማለት ነው! በፈርሌገሩና በሸማኔው መካከል ቆሞ ክር የሚያደርሰው ሰው፣ ፊርማው የእርሱ፣ ገበያው የሌላ። ዙሪክም በበኩሏ ታክሲውንና ሊሞዚን የምትለውን የአፕ መኪና በአንድ የካንቶን ሕግ ስር አድርጋ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለችው። ከ1832 እስከ 1877 የፈጀውን ዘመን ሳስብ የአሁኑ ፈጥኗል እላለሁ፤ በመንዳት ላይ ላለ ሰው ግን ዓመት ዓመት ነው።

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ወጣቶች «ጋሼ፣ እኛም አፕ እንሥራ፤ የሐበሻ ምግብ ማድረሻ፣ የሐበሻ ታክሲ» ሲሉኝ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን አንድ ሒሳብ ይዩ እላቸዋለሁ። ኡበር ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ከሥራው ትርፍ ያገኘው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2023 ነው። ከተመሠረተ በ14ኛ ዓመቱ! እስከዚያ ድረስ የባለሀብት ገንዘብ እየዘራ፣ ተሳፋሪውን በርካሽ፣ ነጂውን በጉርሻ እየሳበ ኬላውን ያዘ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ነጂ ካልበዛ ተሳፋሪ አይመጣም፤ ተሳፋሪ ካልበዛ ነጂ አይመጣም፤ ሁለቱ አንዴ ከተሰበሰቡ ግን ሌላ ቦታ መሄድ ይሰለቻቸዋል። ይህን በዕቁብ ገንዘብ መግጠም አይቻልም።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየችን ግን የአገራችን ልጅ ናት። ሳምራዊት ፍቅሩ አዲስ አበባ ውስጥ አምሽታ ስትሠራ ታክሲ ማግኘትና በዋጋ መከራከር አስመርሯት ራይድ የተባለውን አገልግሎት ጀመረች። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የኢንተርኔት ነገር ያው ነው፤ ይመጣል ይሄዳል፤ ዘመናዊ ስልክ የያዘውም ጥቂት ነበር። ስለዚህ የካሊፎርኒያውን መንገድ አልተከተለችም። በአጭር መልእክት ጀመረች፤ 8294 ብሎ የሚደውል ሰው በስልክ ተቀባይ በኩል መኪና እንዲላክለት አደረገች። አፕ የሌለው እናት፣ ማንበብ የማይችል ሽማግሌ ሁሉ ደውሎ ይሳፈራል። ቴክኖሎጂው የሰውን ልማድ ተከትሎ ሄደ እንጂ ሰውየውን አልጎተተም። እርግጥ ኡበር አዲስ አበባ አለመግባቱም ረድቷል። የሆነ ሆኖ ከራይድ ሌላ ዛይራይድና ፈረስ የመሳሰሉትም መጡ፤ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ይነዱ የነበሩ አባወራዎችም እኛ እዚህ የጠየቅነውን ጥያቄ እዚያ ጠየቁ። ባለቤቷ ሐበሻ ስለ ሆነች ኬላው ኬላ መሆኑ አይቀርም።

አሁን ተመልሰን ወደ ኡስተር እንግባ፤ ምክንያቱም ከሁሉ የሚገርመኝ የዚህች ከተማ ኋለኛ ታሪክ ነው። ፋብሪካ ያቃጠለችው ከተማ ዛሬ ስሟ በዓለም የሚጠራው ክር በመለካት ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በዚህች ከተማ የተቋቋመው የሴልቬገር ድርጅት ስልክና የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሠራ ነበር። በ1948 የክርን ውፍረትና ቅጥነት፣ አንድ ዓይነት መሆን አለመሆኑን የሚለካ መሣሪያ አወጣ። ከ1957 ጀምሮ ደግሞ የዓለም ክር ጥራት በቁጥር ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያወጣ ጀመር። ከዚህ የወጣው ኡስተር ቴክኖሎጂስ የተባለው ኩባንያ በ2012 በጃፓኑ ቶዮታ ኢንዱስትሪስ እጅ ገብቷል፤ ሥራው ግን እንደ ቀጠለ ነው። ይህ ኩባንያ ጨርቅ ሸምኖ አይሸጥም። የሚሸጠው መለኪያና እውቀት ነው። ይህ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ የኢንተርኔት ዘመን ንግድ አይደለም ትላላችሁ?

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ይሏል። የኡስተር ሠንጠረዥ በግልጽ የተቀመጠ ነው። ክር ሻጩም ክር ገዢውም ያንኑ ቁጥር አይተው ይከራከራሉ፤ «ክርህ ከዚህ በታች ነው» ሲለው «አይደለም፣ እንለካ» ማለት ይችላል። ድሮ ፈርሌገሩ ጨርቅ ዘርግቶ በዓይኑ ብቻ ሲፈርድ ሸማኔው ይህ አልነበረውም። እኛም የለንም። ነጂው በኮከብ ይለካል፤ 4.9 ነህ፣ 4.6 ነህ ይባላል። ማን እንደ ቀነሰበት፣ ስለ ምን እንደ ቀነሰበት አያውቅም። ጥሪው ለምን ለጎረቤቱ እንደ ሄደና ለእርሱ እንዳልመጣ አያውቅም። ተሳፋሪው የከፈለውና ነጂው የሚደርሰው በምን ስሌት እንደ ተለያየ በጉዞው መካከል ሊጠይቅ አይችልም። አንድ ጓደኛዬ የአንድ አፕ ሒሳቡ በሌሊት ተዘግቶበት ምክንያቱን ሲጠይቅ የመጣለት መልስ ሰው የጻፈው እንኳ አይመስልም ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ተከፈተለት፤ እንዴት እንደ ተከፈተም አልተነገረው። ፈርሌገር ቢያንስ ፊት ነበረው፤ ገበያ ቀን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይገኝ ነበር። እንግዲህ ከታክሲ ዋጋ ይበልጥ ልንታገልለት የሚገባው ሚዛኑ ይታይ የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ሚዛኑን የሚያሳይ አፕ የሚሠራ ወጣት ካለ እኔ የመጀመሪያው አባል ነኝ፤ ኮሚሽኑ ትንሽ ከፍ ቢልም።

ስለ ሸማኔ ከጀመርኩ የእኛን ሸማኔ ሳላነሣ ብቀር ደግ አይሆንም። የፋብሪካ ጨርቅ ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ምእተ ዓመት አቡጀዲ ሆኖ ነው፤ ከአሜሪካ በባሕር የመጣ ነጭ የጥጥ ጨርቅ። ተራውን ልብስ አቡጀዲ ወሰደው፤ ጋቢው፣ ነጠላውና ጥበቡ ግን በእጅ ቀረ፤ መሣሪያ እንደ እጅ አላምር ስላለው። ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ሰፍረው ይህን ሥራ እስከ ዘመናችን አደረሱት። እዚያም እንደ ዙሪክ ደጋ ነው፤ ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ ይወረውራል፤ ብዙውን ጊዜ ክሩን የሚያቀርበውና ቀሚሱን የሚሸጠው ሌላ ነው።

ኢንተርኔት ሽሮ ሜዳን እዚህ ሳሎናችን ውስጥ አመጣት። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለጥምቀት የሚሆን የሐበሻ ቀሚስ በቴሌግራም ይታዘዛል፤ በሰው እጅ ወይም በዕቃ ጭነት ዙሪክና ጄኔቫ ይደርሳል። በዚያው ስልክ ላይ ደግሞ ጥበቡ በመሣሪያ የታተመ፣ ከቻይና የመጣ ቀሚስ በሩብ ዋጋ ይሸጣል፤ በፎቶግራፍ ሲያዩት ከእጅ ሥራው አይለይም። በ1832 የኡስተሩ ሸማኔ ጨርቅና የመሣሪያው ጨርቅ አንድ ገበያ ላይ ሲዘረጉ ገዢው ቢያንስ በእጁ ይዳስስ ነበር። አሁን የሚዳሰስ ነገር የለም። ሥራውን ከሐሰተኛው የሚለየው የሠሪው ስም ብቻ ነው፤ ስሙ ደግሞ በገጹ ላይ የለም። የሻጩ ስም አለ፣ ስልኩ አለ፣ የሞዴሏ ፎቶግራፍ አለ።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ባለቤቴ ለልጃችን አንድ ቀሚስ አዘዘች። ሲመጣ ጥበቡ እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም፤ ጠርዙ ላይ ያለው መስቀል ሁለት ዓይነት አረንጓዴ ነው፤ ሸማኔው መካከል ላይ ክር አልቆበት ሌላ ማግ እንደ ቀጠለ ያስታውቃል። እኔ ይህንን ስለ ወደድኩ ለእኅቴ ልጅም ከዚያው ሰው እጅ እንዲሠራልን ፈለግሁና ለሻጯ ጻፍኩላት፦ «እመቤቴ፣ ይህን የሸመነው ሰው ማን ይባላል?» ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ። ዋጋው በፍራንክና በብር ተጽፏል፤ ከስሩም «አረንጓዴውን በሰማያዊ መቀየር ይቻላል» ይላል።